ቅሬታም ይሻግታል

ሰው ጓደኛውን ይመርጣል። ሙያውንም ቢሆን እንደ ችሎታውና እንደ ዕድሉ ይመርጣል። ዘመዱን ግን ተወልዶ ያገኘዋል፤ ጎረቤቱንም ቤት ሲያገኝ አብሮ ይረከበዋል። ቤት የሚከራይ ሰው ጣሪያው እንደማያፈስ፣ በሩ እንደሚዘጋ፣ ውኃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አጥብቆ ይጠይቃል። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሴት ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥታ ቡና የምትወቅጥ መሆን አለመሆኗን ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን የሚያውቀው ዕቃውን አስገብቶ፣ ደክሞት በተኛበት በመጀመሪያው ሌሊት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ «ዛሬ ቸኩለው ይሆናል» ይባላል። በሳምንቱ፣ «እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ የላቸውም እንዴ?» ይባላል፤ የሚባለው ግን ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው እንጂ ለባለ ሙቀጫዋ አይደለም። በወሩ ነገሩ ወደ ሦስተኛ ጎረቤት ይሻገራል። በዓመቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ሰላምታ ያቆማሉ፤ ልጆቻቸውም አብረው ኳስ እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለ ሙቀጫዋ ጥፋቷን አታውቅም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ሕንፃው ሁሉ የሰማውን ያልሰማች እርሷ ብቻ ናት።

እንጀራ በተጋገረ ማግሥት ቢበላ መልካም ነው። ቀናት ሲቆይ ግን መሻገት ይጀምራል። ቅሬታም እንደዚሁ ነው። ገና ትኩስ ሳለ ቢቀርብ የሚሰማው ሰው ያለ ብዙ ችግር ይቀበለዋል። በሆድ ከርሞ ሲወጣ ግን ሽታው ከመጀመሪያው ጥፋት የባሰ ይሆናል። ስለሆነም ከአስቸጋሪ ጎረቤትና ከነገረኛ ዘመድ ጋር ለመኖር የሚያስፈልገው ጥበብ ትዕግሥት ብቻ አይደለም። ቅሬታን በጊዜው፣ ለሚመለከተው ሰው፣ በፈገግታ መናገርም ያስፈልጋል።

ሰው ቅሬታውን በሆዱ የሚያሳድረው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በራሱ ክፉ ጠባይ አይደለም። ሰው በድግስ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እጁን እንዳይዘረጋ፣ ለሽማግሌ ከወንበሩ እንዲነሣ፣ የሰው ገመና እንዳያወጣ የሚይዘው ልጓም ይሉኝታ ነው። ይሁን እንጂ ልጓሙ የሚሠራው በፊት ለፊት ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው? ብዙ ሰው በጎረቤቱ ፊት ሲቆም፣ «ኧረ ምንም አይደለም፤ እኛስ መች ሰማነው!» ይላል። ጎረቤቱ ዘወር ሲል ግን ልጓሙ ይወልቅና ያው ነገር ሦስት እጥፍ አድጎ በቡና ላይ ይወራል። በአቦሉ ሙቀጫው ይነሣል፤ በቶናው የባለ ሙቀጫዋ ጠባይ ይነሣል፤ በበረካው እስከ አያቶቿ ድረስ ይደረሳል። እንዲህ ያለው ዝምታ ትዕግሥት ሊባል አይገባውም፤ ጊዜ የሚጠብቅ ሐሜት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «መናገር ማለት መጣላት ነው» የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት ከየት መጣ? አብዛኛው ሰው የሚናገረው ትዕግሥቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ያለ ሰው በሦስተኛው ወር በሩን እየደበደበ ሲመጣ፣ አመጣጡ ራሱ ጠብ ይሆናል። ጥፋቱ የመናገሩ ሳይሆን የመዘግየቱ ነው። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ ሹመት እንኳ ሳይቀር በዝምታ እንደሚያመልጥ መናገራቸው ነው። ደጃዝማችነት በዝምታ ከቀረ፣ እንቅልፍማ እንዴት አይቀርም?

የጎረቤት ዓይነት ብዙ ስለሆነ መድኃኒቱም እንደየዓይነቱ ነው። በመጀመሪያ ተዋሽ ጎረቤት አለች። ሰኞ ወንፊት ትዋሳለች፤ ረቡዕ ሰፌድ፤ ቅዳሜ መጥረቢያ። ከመዋሱ ይልቅ የሚያስቸግረው መልሱ ነው። ዕቃው ከእርሷ ቤት ከመክረሙ የተነሣ፣ ወንፊቱን ለመጠየቅ የመጣውን ልጅ፣ «የትኛውን ወንፊት? የእኛን?» ብላ ልትጠይቀው ትችላለች። እንዲህ ያለችውን ጎረቤት ሌባ ማለት ዘለፋ ነው፤ ዝም ማለትም ወንፊት ያስቀራል። ብልኅ የቤት እመቤት ግን ወደ ደጇ ሄዳ፣ «እትዬ፣ ያን ወንፊት እባክዎ ለዛሬ ብቻ ያውሱኝ፤ ዱቄት ነፍቼበት ነገ በጠዋት እመልስልዎታለሁ» ትላታለች። ሁለቱም ይሥቃሉ፤ ወንፊቱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ተዋሿ ተዋርዳ አልሄደችም፤ ባለ ወንፊቷም አልተጣላችም።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለ ዘፈን ጎረቤት ነው። በቀድሞው ዘመን ይህ ሰው ባለ ቴፕ ነበር። ዛሬ ቴፑ ቢቀርም ድምፅ ማጉያው ትንሽ ሆኖ ጩኸቱ ትልቅ ሆኗል። ወጣቱ አንድ ዘፈን ሲወድ እስኪያልቅለት ሳይሆን ሰፈሩ እስኪያልቅ ድረስ ይደጋግመዋል። ሽማግሌ ጎረቤት ብቅ ብለው፣ «አጥፋው!» ቢሉት ልጁ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ ይጨምራል። «ልጄ፣ ዘፈን መምረጥስ ታውቃለህ። ነገር ግን ዳዊት ልደግም ስቆም ያች ዘፈንህ መካከል እየገባች አስቸገረችኝ፤ ትናንት አዝማቿን ደግሜ አሜን ልል ስል ነው የነቃሁት» ቢሉት ግን ልጁ መጀመሪያ ይሥቃል፤ ቀጥሎ ያፍራል፤ በመጨረሻ ይቀንሳል። ምክንያቱም ሽማግሌው ልጁን አልከሰሱትም፤ ችግራቸውን አካፈሉት እንጂ።

ሦስተኛዋ ጠያቂ ጎረቤት ናት። እርሷ በመስኮት ቆማ የገባውንና የወጣውን ትቆጥራለች። «ትናንት ማታ በ3 ሰዓት የመጣው ባለ ኮፍያ ማን ነው? ዘመድ ነው? ከየት ነው? መቼ ይሄዳል?» ትላለች። ይህችን ሴት መቆጣት ነገሩን ያባብሰዋል፤ መልስ ያጣ ጥያቄ ወሬ ሆኖ ይወለዳልና። የሚሻለው ሊነገር የሚችለውን በጥቂቱ መንገርና የቀረውን በፈገግታ መዝጋት ነው። «አጎቴ ናቸው፤ የቀረውን እርሳቸው ራሳቸው ገና አልወሰኑትም» የሚል መልስ በሩን ሳያላትም ይዘጋዋል። ደግሞም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ቤተሰቡ ሥራ ቦታ በዋለበት ቀን፣ ያልታወቀ ሰው በሩን ሲነካካ ቀድማ አይታ የምትጮኸው ይህችው ጠያቂ ጎረቤት ናት። ሌባ የሚፈራው ውሻን ብቻ አይደለም።

ሳቅ ብቻውን የማይበቃበት ጉዳይም አለ። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ቤተሰብ በአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሲጠቀም በየወሩ መጨረሻ ክርክር ይነሣል። አንደኛዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፤ ሌላው አንዲት አምፖል ብቻ አለው፤ ሦስተኛው ልብስ የሚተኩሰው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ በር ይከፍታል እንጂ ሒሳብ አይከፍልም። ስለዚህ ማንም ሳይቆጣ፣ ወሩ ገና ሲጀምር፣ ሁሉም በተገኘበት አከፋፈሉን ተስማምቶ በወረቀት መጻፍና በግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበጃል። ወረቀት ይሉኝታ የለውም፤ ማንንም ሳያሳፍር ሁሉንም ያስታውሳል።

በገጠርም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ማሳ ቢገፋ፣ የመጀመሪያው ትልም በፈገግታ ሊመለስ ይችላል። «ወንድሜ፣ በሬዎችህ የእኔን መሬት የወደዱት ይመስለኛል፤ ምናልባት ድንበሩን አላሳየሃቸው ይሆናል» ቢባል፣ ጥፋቱ በበሬ ተሳብቦ ሰውየው ሳያፍር ወደ ቦታው ይመለሳል። አምስተኛው ትልም ላይ ከተደረሰ ግን በሬን መውቀስ አይበቃም። ያን ጊዜ ሽማግሎች ተሰብስበው የድንበሩን ድንጋይ ማየት ይኖርባቸዋል። በአንደኛው ትልም ዝም ያለ ሰው ጎረቤቱን እስከ አምስተኛው ድረስ እንደሸኘው ይቆጠራል።

ይህ ጉዳይ ለሕግ ሰዎችም የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለሀብት የሆነ ሰው ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት እንደሌለበት ይደነግጋል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ያዛል። የአገሩ ልማድም እንዲታይ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕጉ ጭስን ፈጽሞ አለመከልከሉ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ቡና የሚቆላበት አገር ያለ ጭስ አይኖርምና፣ መለኪያው «መልካም ጉርብትና» ሆነ። እንዲሁም ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ሲሠሩ፣ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ይኖር የነበረ ሰው አንዱ ባንዱ ራስ ላይ መኖር ጀመረ። ስለ እነዚህ ሕንፃዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ በማኅበር ተደራጅተው የጋራ የሆነውን ነገር እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ሕግ እንግዲህ ልክን ያበጃል፤ ማኅበርም ስብሰባ ይጠራል። ነገር ግን ጎረቤት በር ላይ ቆሞ የመጀመሪያዋን ቃል እንዴት እንደሚናገሩ የሚያስተምር አዋጅ የለም። ይህ የሚገኘው ከአስተዳደግ ነው።

ከጎረቤት ይልቅ የሚከብደው ዘመድ ነው። ጎረቤት ቤት ሲለቅ ይቀራል፤ ዘመድ ግን ቤት ቢለቁም ይከተላል። ደግሞም ዘመድ የሚያስቸግረው በአብዛኛው ከፍቅር የተነሣ ስለሆነ፣ ለመቆጣትም ለመሸሽም አይመችም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ለዓውደ ዓመት የምትመጣው አክስት ናት። ገና ከበር እንደገባች ልጅቱን ከእግር እስከ ራስ አይታ፣ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ወፈርሽ!» ትላለች። ልጅቱ ልታኮርፍ ትችላለች፤ ኩርፊያው ግን ዓውደ ዓመቱን ያበላሻል እንጂ አክስትን አያርምም። «እትዬ፣ አምና ‹ከሳሽ› ብለውኝ ነበርኮ፤ ትእዛዝዎን ፈጽሜ ነው!» ብትል ግን ቤቱ ይሥቃል፤ አክስትም በከርሞው አስባ ትናገራለች።

ይህችው አክስት ፊቷን ወደ ተማሪው ታዞርና፣ «የእገሊት ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ አሉ፤ አንተስ ስንተኛ ወጣህ?» ትለዋለች። ይህ ጥያቄ ብዙ ተማሪን ከማዕድ ያስነሣ ጥያቄ ነው። «እትዬ፣ እርሱ አንደኛ የወጣው እኮ እኛ ቦታውን ስለለቀቅንለት ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል። ሆኖም ሳቁ ካለፈ በኋላ እውነቱን ጨምሮ መናገር ይገባል፤ «በሒሳብ ካምና ተሻሽያለሁ፤ እንግሊዝኛው ግን ገና ይቀረኛል» ቢል አክስቲቱ የምትፈልገውን ታገኛለች። እርሷ በእውነቱ የጠየቀችው ስለ ልጁ መጨነቋን መግለጫ ሌላ ቃል ስላጣች ነው። በቀልድ ብቻ የሚመልስ ሰው ጠያቂውን ያባርራል፤ ከቀልዱ ጋር እውነት የሚጨምር ግን ያቀርባል።

ማዕድ ላይም ሌላ ፈተና አለ። በአገሩ ልማድ እንግዳ ጠገብሁ ሲል አይታመንም። «በሞቴ!» ይባላል፤ «አፈር ስሆን!» ይባላል፤ ሆዱ የሞላ ሰው የአስተናጋጇን ነፍስ ለማትረፍ ሲል ይጎርሳል። ጉርሻውን ገፍቶ መከልከል ስድብ ነው፤ ሁሉን መቀበልም ሕመም ነው። ልምድ ያለው እንግዳ መፍትሔውን ያውቀዋል። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ጥቂት ጥቂት ይበላና ለ«በሞቴ» ቦታ ያስቀራል። እንግዲህ ሲለመን የሚጎርሰው ጉርሻ ለእርሱ እራቱ፣ ለአስተናጋጇም ክብሯ ይሆናል።

ሳይጠራ መጥቶ ሳይሸኝ የሚከርም ዘመድም አለ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም። እዚህ ላይ ከቀልዱ በፊት አንድ ምርመራ ያስፈልጋል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ለሕክምና ቀጠሮ ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ መጥቶ፣ ችግሩን ለመናገር አፍሮ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ማረፊያ ፈላጊ እንጂ አስቸጋሪ እንግዳ አይደለምና፣ ሊገፋ ሳይሆን ሊረዳ ይገባዋል። ጤናው የተሟላ፣ ጉዳይም የሌለው ከሆነ ግን ፍቱን መድኃኒቱ ሥራ መስጠት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ እያሉልን እስቲ ይህን አጥር ነገ በማለዳ ተነሥተን እናድሰው» ይባላል። እንግዳው ወይ አጥሩን ያድሳል፤ ወይ አገሩን ይናፍቃል። ሁለቱም ለባለቤቱ ትርፍ ነው።

ይሁን እንጂ ቀልድ እንደ በርበሬ ነው፤ ልኩ ካለፈ ወጡን ያበላሸዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። በስማቸው የሚነገሩት ቀልዶች ሰሚውን ሁሉ ያሥቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አንድ ሰው መካከል ቆሞ ያፍራል። እንዲህ ያለው ቀልድ ለተረት ይስማማል፤ ለጉርብትና ግን አደገኛ ነው። አለቃ ቀልዳቸውን ወርውረው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ካፈረው ሰው ጋር በወሩ መጨረሻ የአንድ ቆጣሪ ሒሳብ አይካፈሉም። ጎረቤት ግን ያሳፈረውን ሰው በነጋታው በደረጃው ላይ ያገኘዋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»።

ስለዚህ ቅሬታን በቀልድ የሚያቀርብ ሰው አራት ነገሮችን ማሰብ አለበት። አንደኛ፣ ቅሬታው በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ መነገር ይኖርበታል። ተመልካች ባለበት የተነገረ ቀልድ ፌዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቀልዱ ከራስ ቢጀምር ይመረጣል። ሽማግሌው «ዳዊቴን ረሳሁ» ሲሉ የሣቁት በራሳቸው ነው። ሦስተኛ፣ ሰውየው ሳያፍር የሚወጣበት በር ሊተውለት ይገባል፤ በበሬ ማሳበብ እንዲህ ያለ በር ነው። አራተኛ፣ ሰው ሊለውጠው በማይችለው ነገር፣ በድህነቱ፣ በአካሉ ወይም በትውልዱ መቀለድ ፈጽሞ አይገባም። ደግሞም ሳቅ የሚበቃው ለሚያውክ ነገር እንጂ ለሚጎዳ ነገር አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲደበደብ ወይም ሕፃን ሲበደል የሚሰማ ጎረቤት መቀለድም ዝም ማለትም አይችልም፤ ሽማግሌ፣ ሐኪምና ፖሊስ የሚጠሩት ለዚህ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ምክርም አለ። ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ጎረቤቱ በር ከመሄዱ በፊት የራሱን በር ማየት ይገባዋል። የእርሱ ዶሮ የማንን ጎመን ቆረጠ? የእጣቢው ውኃ ወደ ማን ደጅ ይወርዳል? የማን መዶሻ ነው ከአምና ጀምሮ በእርሱ አልጋ ሥር ያለው? እያንዳንዱ ሰው ለሌላው ሰው «ያ አስቸጋሪ ጎረቤት» ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሲናገር ድምፁ ራሱ ይለዝባል።

በመጀመሪያ የተነሣችው የባለ ሙቀጫዋ ታሪክ እንዲህ ሊያበቃ ይችላል። ታችኛው ፎቅ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ከእርሷ ጋር ሰላምታ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል እንበል። አንድ ሌሊት በ10 ሰዓት ገደማ የባልየው እናት ድንገት ታመው ይወድቃሉ። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ደረጃውም ጠባብ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት ነቅታ ውኃ የጣደች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጩኸቱን ሰምታ ጎልማሳ ልጇን ይዛ ወረደች። ልጇና ባልየው በሽተኛዋን በወንበር ተሸክመው አወረዱ። ሴትዮዋም ነጠላዋን አልብሳቸው እስከ ሐኪም ቤት ድረስ አብራ ሄደች፤ እስኪረፍድ ድረስም ከአግዳሚው አልተነሣችም። የዚያን ቀን ገበያዋ ቀረ። ሌሊት በ11 ሰዓት ቡና የምትወቅጠው፣ ማልዳ በመንገድ ዳር የጀበና ቡና ሸጣ ልጆቿን ስለምታሳድግ ነበር።

እናቲቱ ዳኑ። ባልየው ግን ከኀፍረቱ የተነሣ አንገቱን ደፍቶ የሙቀጫውን ነገር ነገራት። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «ምነው ልጄ፣ አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔኮ ሰላምታ ያቆማችሁት ‹ቡና ሻጭ ናት› ብላችሁ ንቃችሁኝ ነው ብዬ፣ በደረጃው ላይ ባየኋችሁ ቁጥር ፊቴን ሳዞር ኖርሁ» አለችው።

የዝምታ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ዝም ያለው ሰው ለጎረቤቱ ያዘነለትና የታገሠው ይመስለዋል። ዝም የተባለው ሰው ግን ምክንያቱን ስለማያውቅ፣ ባዶውን ቦታ በገዛ ራሱ ሥጋት ይሞላዋል። ድሃው ስለ ድህነቴ ነው ይላል፤ እንግዳው ስለ እንግድነቴ ነው ይላል። በዚህ ዓይነት አንድ ሙቀጫ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ቤት ሲወቅጥ ይኖራል።

በማግሥቱ ሌሊት በ11 ሰዓት ባልየው እንደ ልማዱ ነቃ፤ ነገር ግን ምንም አልሰማም። ሴትዮዋ ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። አንዲት አሮጌ ጆንያ አጥፋ ከሙቀጫው ሥር አነጠፈች። ሦስት ዓመት ለፈጀው ኩርፊያ መድኃኒቱ ይህች ጆንያ ነበረች፤ እርሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከበሩ ኋላ ተጥላ ኖራለች።